በጠረጴዛ ላይ የተንሳፈፈች መርከብ

የባሕር ወንበዴ ሲነሣ በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጣው ሰው አንድ ነው። አንድ እግሩ የተቆረጠ፣ በብብቱ ሥር ምርኩዝ የሸጎጠ፣ በትከሻው ላይ በቀቀን ያስቀመጠ፣ ሲስቅ የሰፈር አጎት፣ ሲቆጣ አውሬ የሚሆን ሰው። ስሙ ሎንግ ጆን ሲልቨር ነው። የፈጠረው ስኮትላንዳዊው ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ሲሆን፣ የፈጠረውም «ትሬዠር አይላንድ» በተባለው፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ «የሀብቱ ደሴት» እያልሁ በምጠራው ልብ ወለዱ ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1883 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ስለ ባሕር ወንበዴ የጻፈም፣ ፊልም የሠራም ሰው ከሲልቨር ጥላ ሥር መውጣት ብዙም አልሆነለትም።

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን መጽሐፉን ብቻ አይደለም። ከመጽሐፉ በስተጀርባ የቆመ፣ የሥነ ጽሑፍ መምህራን እምብዛም የማይጠቅሱት አንድ የልጆች መጫወቻ አለ። የወረቀት ቴአትር ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ መጋረጃ ያለው፣ መብራት ያለው፣ ከወረቀት ተቆርጠው የወጡ ተዋንያን የሚወጡበትና የሚገቡበት ትንሽ መድረክ። እንግሊዞች በዘመኑ «የልጆች ድራማ» ይሉት ነበር። ጥያቄዬም ይህ ነው፤ በሳንቲም የሚሸጥ፣ በችኮላ የታተመ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ዞር ብሎ የማያየው ወረቀት ታላቅ ድርሰት ሊወልድ ይችላልን? ወልዶ ከሆነስ እንዴት?

ከትልቁ መድረክ ወደ ትንሹ

ነገሩ የሚጀምረው በለንደን ከተማ በ1811 ገደማ ነው። በዚያን ዘመን ለንደን በቴአትር ያበደች ከተማ ነበረች። ኮቨንት ጋርደንና ድሩሪ ሌን የተባሉት ሁለቱ ታላላቅ ቴአትር ቤቶች በየምሽቱ ይሞላሉ። ንግግር የበዛበትን መደበኛ ተውኔት ለማሳየት ሕጉ የሚፈቅደው በዋነኛነት ለእነርሱ ስለነበረ፣ ሌሎቹ ትናንሽ ቴአትር ቤቶች ሕጉን ለመሸሽ ድርጊትን ከሙዚቃ ጋር ቀላቅለው ያቀርቡ ነበር። ሜሎድራማ የተባለው የተውኔት ዓይነት የፋፋው እንዲህ ነው። ወንበዴ፣ መርከበኛ፣ የተጠለፈች ልጃገረድ፣ የሚቃጠል ቤት፣ በመጨረሻም ፍርዱን የሚያገኝ ክፉ ሰው። ሕዝቡ ይህንን ወደደ። ሁለቱ ታላላቅ ቤቶችም የተመልካቹን ፍላጎት አይተው ያንኑ ማሳየት ጀመሩ።

ዊልያም ዌስት የተባለ ሰው ስትራንድ ከሚባለው ዐቢይ ጎዳና አጠገብ፣ በኤክሰተር ስትሪት ላይ ሱቅ ነበረው። ይህ ሰው አንድ ነገር አስተዋለ። ልጆች ያዩትን ቴአትር ወደ ቤታቸው ይዘው መሄድ ይፈልጋሉ። ፎቶግራፍ ገና አልተፈለሰፈም። ስለዚህ በወቅቱ በመድረክ ላይ ያለውን ተውኔት ተዋንያኑን ከነልብሳቸውና ከነአቋቋማቸው፣ መድረኩንም ከነቅቡ እያሣለ፣ ሥዕሉን በመዳብ ሰሌዳ አስቀርጾ በትናንሽ ወረቀት ያትም ጀመር። እያንዳንዱ ወረቀት ከደብተር ገጽ ብዙም አይበልጥም። በአንዱ ወረቀት ላይ ስድስት ወይም ስምንት ገጸ ባሕርያት ቆመው ይታያሉ። በሌላው ጫካ፣ በሌላው የቤተ መንግሥት አዳራሽ፣ በሌላው ደግሞ በማዕበል የምትናጥ መርከብ አለች። በተጨማሪም ቃለ ተውኔቱ አጥሮ የተጻፈበት ቀጭን መጽሐፍ ይሸጣል። አንድን ተውኔት ሙሉ ለሙሉ ለማሳየት ከደርዘን በላይ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ዌስት በዕድሜው ከመቶ በላይ ተውኔቶችን በዚህ ዓይነት አሳትሟል። ተከታዮችም አላጣም፤ ግሪን፣ ሆጅሰን፣ ስኬልት፣ ፓርክ፣ ዌብ፣ ሬዲንግተን የተባሉ አሳታሚዎች በየተራ ወደ ገበያው ገቡ።

የዋጋው ነገር በእንግሊዝኛ ቋንቋ ውስጥ ምሳሌያዊ አነጋገር ሆኖ እስከ ዛሬ ቀርቷል። ቀለም ያልተቀባው ወረቀት አንድ ፔኒ፣ የተቀባው ሁለት ፔኒ ነበር። ይህን የዋጋ ልዩነት አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሽቦ፣ ዘይትና ባሩድ

ወረቀቱን የገዛው ልጅ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ገጸ ባሕርያቱን ቀለም ይቀባል፤ በካርቶን ላይ ይለጥፋል፤ ሲደርቅ በመቀስ ዙሪያውን ቆርጦ ያወጣል። ከዚያም እግራቸውን ከትንሽ ቆርቆሮ ጋር ያያይዛል። ቆርቆሮው ረጅም ሽቦ ተበጅቶለታል። ልጁ ከመድረኩ ጎን ሆኖ ሽቦውን ሲገፋ ተዋናዩ እየተንሸራተተ ይገባል፤ ሲስበው ይወጣል። የሚናገረው ገጸ ባሕርይ የትኛው እንደሆነ ተመልካቹ እንዲያውቅ ሽቦው በስሱ ይነቀነቃል። መድረኩ ከእንጨት የተሠራ ሲሆን፣ ከፊት ለፊቱ የትልቁ ቴአትር ቤት ፊት የታተመበት ወረቀት ይለጠፍበታል። ከግርጌው የሙዚቀኞቹ ሥዕል ሳይቀር አለ። የኋላው ሥዕልና የጎኑ መጋረጃዎች በየቦይዎቻቸው ውስጥ እየተሰኩ ይለዋወጣሉ።

መብራቱ በትናንሽ የቆርቆሮ ኩራዝ የሚነድ ዘይት ነበር። ወረቀት፣ ካርቶን፣ እንጨትና እሳት በአንድ ጠረጴዛ ላይ! በዚያ ላይ ለትዕይንቱ ማድመቂያ ቀይ ነበልባል የሚሰጥ ዱቄት ይሸጥ ነበር። ከእነዚህ ተውኔቶች ሁሉ በልጆች ዘንድ እጅግ የተወደደው «ወፍጮ ፈጪውና ሰዎቹ» የተባለው፣ አይዛክ ፖኮክ ጽፎት በኮቨንት ጋርደን በ1813 የታየው ሜሎድራማ ነበር። ወፍጮ ፈጪ መስሎ የሚኖር የወንበዴ አለቃ ታሪክ ነው፤ በመጨረሻም ወፍጮ ቤቱ በባሩድ ይፈነዳል። ልጆቹ የወደዱት ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ቻርልስ ዲከንስ ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ይህንኑ ተውኔት በትንሽ መድረክ አሳይቷል። ዊንስተን ቸርችልም በልጅነቱ የወረቀት ቴአትር ደንበኛ ነበር።

የባሕር ታሪኮችም በሽ ነበሩ። በ1829 በሰሪ ቴአትር የታየው የዳግላስ ጄሮልድ «ጥቁር ዓይኗ ሱዛን» መርከበኛውን የተጫወተውን ቲ. ፒ. ኩክን ዝነኛ አደረገው። ኩክ በእውነት በንጉሡ ባሕር ኃይል ያገለገለ ሰው ስለነበረ አረማመዱ ከባሕር የመጣ ነበር። ወዲያውም እግሩን አንፈራጥጦ፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ በአንድ ፔኒ ወረቀት ላይ ቆመ። በወረቀቶቹ ላይ ያለው ወንበዴም መርከበኛም ሁሉ እንዲህ ነው የሚቆመው። ዛሬ ብናይ የተጋነነ ይመስለናል። ነገር ግን የዘመኑ የትወና ስልት ይኸው ስለነበረ፣ ሠዓሊው የሣለው ያየውን ነው።

በኤዲንብራ የሚኖረው ሕመምተኛ ልጅ

ስቲቨንሰን በ1850 በኤዲንብራ ተወለደ። አባቱና አያቱ የባሕር ፋኖስ ማማ የሚገነቡ ዝነኛ መሐንዲሶች ነበሩ። እርሱ ግን ሳንባው ደካማ ስለነበረ የልጅነቱን ብዙ ክረምት ያሳለፈው በአልጋ ላይ ነው። ከቤት በወጣ ጊዜ ቀልቡን የሚወስደው ሊዝ ዎክ በተባለው ጎዳና ላይ የነበረ አንድ የወረቀት መሸጫ ሱቅ ነበር። በመስኮቱ ትንሽ ቴአትር ቆሟል፤ በዙሪያው የተውኔት ወረቀቶች ተደርድረዋል። ልጁ ኪሱ ባዶ ሲሆን በመስኮቱ ይቆማል፤ ፔኒ ሲያገኝ ይገባል። ባለ ሱቁም ገንዘብ መያዙን ሳያረጋግጥ ወረቀቱን አያስነካውም።

ይህን ሁሉ የነገረን ራሱ ነው። በ1884 «ዘ ማጋዚን ኦቭ አርት» በተባለው መጽሔት ስለ ወረቀት ቴአትር አንድ መጣጥፍ ጻፈ፤ ርእሱንም ከዋጋው ነገር ወሰደ። በመጣጥፉ ውስጥ ሁለት ነገሮች ይደንቁኛል። አንደኛው፣ ደስታው ያለው በትርኢቱ ሳይሆን በዝግጅቱ እንደነበረ መናገሩ ነው። ወረቀቱን መምረጥ፣ ስሞቹን ማንበብ፣ ቀለም መቀባት፤ ደስታው እዚያ ነበር። የተቀባው ወረቀት ተቆርጦ መድረክ ላይ ሲወጣ ነገሩ ይቀዘቅዛል። ከሱቅ ተቀብቶ የተገዛውን ሁለት ፔኒማ በንቀት ነበር የሚያየው። ሁለተኛው ደግሞ ውለታውን ሳያፍር መመስከሩ ነው። በዚያን ጊዜ ስሙ እየገነነ የመጣ ደራሲ ነበር። ሼክስፒርን ወይም ሌላ ታላቅ ሰው መጥራት ይችል ነበር። እርሱ ግን ዓለምን ያየሁት በስኬልት ወረቀቶች ነው፤ መልክዓ ምድሩንም፣ ሰዉንም፣ የጀብዱን መንፈስም የሰጠኝ እርሱ ነው የሚል መንፈስ ያለው ምስጋና አቀረበ። ስኬልት ደግሞ ከአሳታሚዎቹ ሁሉ ርካሹ ነበር።

ካርታው፣ ልጁና ምርኩዙ

አሁን ወደ «የሀብቱ ደሴት» እንመለስ። በ1881 ክረምት ላይ የስቲቨንሰን ቤተሰብ ብሬማር በተባለ የስኮትላንድ መንደር ነበር። ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ ሁሉም ቤት ውስጥ ተቀምጧል። የሚስቱ ልጅ ሎይድ ኦዝበርን ዕድሜው ዐሥራ ሦስት ነው፤ ጊዜውን የሚያሳልፈው ቀለም በመቀባት ነበር። የእንጀራ አባቱም አብሮት ተቀምጦ ይቀባል። አንድ ቀን የአንድ ደሴት ካርታ ሣሉ። ስቲቨንሰን በኋላ ስለዚህ መጽሐፍ አጀማመር ሲጽፍ፣ ካርታውን ትክ ብሎ ሲያይ ሰዎቹ በተሣሉት ደኖች መካከል ብቅ ብቅ ማለት እንደ ጀመሩ ተናግሯል። በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ ዐሥራ አምስት ምዕራፍ ጻፈ። ከዚያም ብዕሩ ደረቀ። የቀረውን የጨረሰው ለሳንባው ሕክምና ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ዳቮስ ከሄደ በኋላ ነው። ታሪኩ መጀመሪያ በ1881 እና በ1882 «ያንግ ፎክስ» በተባለ የልጆች ጋዜጣ በብዕር ስም በተከታታይ ወጣ።

እንግዲህ አስተውሉ፤ መጀመሪያ ቦታው ተሣለ፤ ከዚያ ሰዎቹ ገቡ። የወረቀት ቴአትር አሠራር ከዚህ የተለየ አይደለም። መጀመሪያ የኋላው ሥዕል ይሰቀላል፤ ከዚያ ተዋንያኑ ከጎን እየተንሸራተቱ ይመጣሉ። ነገሩ በግምት ብቻ የቀረ አይደለም። ሎይድ ኦዝበርን ካደገ በኋላ እንደ መሰከረው፣ በዳቮስ ሳሉ የሚያምር የወረቀት ቴአትር ነበረው። በሆቴሉ ታሞ የሞተ አንድ ወጣት የመጨረሻ ቀኖቹን ሲጫወትበት የነበረ ነው። ስቲቨንሰን ለዚህ ቴአትር የመድረክ ሥዕል ይቀባ፣ ተዋንያኑን በቆርቆሯቸው ላይ ይገፋ፣ የፈረስ ግልቢያና የልጃገረድ ጩኸት በአፉ ያሰማ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ሳል እያጣደፈው፣ ጠረጴዛ ሥር ሆኖ እንደ ፈረስ ሲንኮሻኮሽ ይታያችሁ። «የሀብቱ ደሴት»ን የጨረሰውም በዚያው በዳቮስ ነው።

ሌላም አለ። የሎንግ ጆን ሲልቨር አምሳያ ዊልያም ኧርነስት ሄንሊ የተባለ ገጣሚ ነበር። ሄንሊ በሕመም ምክንያት አንድ እግሩን ከጉልበት በታች ያጣ፣ ድምፁና ሳቁ ቤት የሚሞላ፣ ብርቱ ሰው ነው። ስቲቨንሰን ሲልቨርን ከእርሱ እንደ ወሰደው ራሱ በደብዳቤ ነግሮታል። ይህ ሄንሊ ደግሞ የ«ማጋዚን ኦቭ አርት» ዋና አዘጋጅ ነበር። መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ የወረቀት ቴአትሩን መጣጥፍ አትሞ ያወጣው እርሱ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ስቲቨንሰን ለወረቀት ወንበዴዎቹ የጻፈው ምስጋና የታተመው በሲልቨር እጅ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ውለታውን ማጋነን አይገባም። የስኬልት ወንበዴ ክፉ ከሆነ ክፉ ነው፤ ከመጀመሪያው መግቢያው እስከ መጨረሻው ፍንዳታ ድረስ አይለወጥም። ሲልቨር ግን ሰው ይገድላል፤ ልጁን ጂምንም ያድናል። ስቲቨንሰን ከወረቀቱ የወሰደው ቅርጹን ነው። ከሩቅ የሚለይ ቁመና፣ ጥርት ያለ ቦታ፣ አንድ ትዕይንት አንድ ድርጊት፤ እነዚህን ወሰደ። ነፍስ የዘራበት ራሱ ነው። ወረቀቱ ሳይቀባ አንድ ፔኒ ነበር የምንለው ለዚህ ነው፤ ቀለሙ የገዢው ነው።

በዘይት ካርቶን ላይ የተደረገ ሙከራ

ስለ ነገሩ ማንበብ ብቻ አልበቃ ስላለኝ ባለፈው ክረምት ራሴ ሞከርሁት። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር፤ የእህቴ ሦስት ልጆች ቤታችን ሰንብተዋል። ትልቁ ዐሥራ ሁለት፣ መካከለኛዋ ዘጠኝ፣ ትንሹ ስድስት ዓመታቸው ነው። የዘይት ካርቶን ፊቱን በምላጭ ከፈትን። ለመጋረጃ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተገኘ። ሽቦ ከጥገና ቤት ለመንን። በኩራዝ ፈንታ የእጅ ባትሪ አደረግን፤ ቀይ የከረሜላ ወረቀት ብናለብሰው ምሽት ሆነ። ታሪኩን እኔ በአማርኛ አሳጥሬ ጻፍሁት፤ ስምንት ትዕይንት ወጣው።

የመጀመሪያው ችግር ባሕሩ ነበር። ከሦስቱ ልጆች ባሕር ያየ የለም። ትንሹ፣ «አጎቴ፣ እንደ ቢሾፍቱ ሐይቅ ነው?» አለኝ። «ማዶው የማይታይ ሐይቅ ነው» አልሁት። ጥቂት አሰበና የኋላውን ሥዕል እስከ ጫፉ ሰማያዊ ቀባው፤ ማዶ አልተወለትም። ከፊቱ ሦስት የካርቶን ቁራጮችን ጠርዛቸውን እንደ ማዕበል ቆረጥንና ሁለት ልጆች በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲያወዛውዟቸው አደረግን። መርከቧ «ሂስፓኒዮላ» በሁለቱ መካከል ስትገባ በእውነት የምትንሳፈፍ መሰለች።

ሁለተኛው ችግር የወረቀት ተዋናይ አቋሙን መለወጥ አለመቻሉ ነው። የጥንቶቹ አሳታሚዎች ይህንን የፈቱት አንዱን ገጸ ባሕርይ በተለያየ አቋም ደጋግመው በማተም ነበር። እኛም ለጂም አራት ምስል ሠራን። ለሲልቨር ሁለት ይበቃዋል ብዬ አንድ የሚስቅ፣ አንድ የሚቆጣ ሣልሁ። መካከለኛዋ ልጅ የሚቆጣውን አንሥታ አየችና፣ «ይኼ አያስፈልግም፤ ሲዋሽም ሲገድልም ያው ፊቱ ነው» አለችኝ። ስለ ሲልቨር ካነበብሁት ሂስ ሁሉ የዚያን ያህል የገባኝ የለም። የሚቆጣው ምስል ቀረ። የሚስቀው ሲልቨር በሚስቅ ፊቱ ሲያስፈራራ፣ የሚለወጠው የትልቁ ልጅ ድምፅ ብቻ ሆነ።

አንዳንዱ ትዕይንት ለወረቀት ቴአትር ተብሎ የተጻፈ ይመስላል። ዓይነ ስውሩ ፒው በሌሊት በትሩን መሬት ላይ እያንኳኳ ወደ መጠጥ ቤቱ ሲመጣ፣ በጠረጴዛው ላይ በማንኪያ ማንኳኳት ብቻ በቃን። ተመልካቹ ሰውዬውን ሳያየው ፈራው። ጂም በፖም በርሜል ውስጥ ተደብቆ የወንበዴዎቹን ምክር የሚሰማበት ደግሞ ከሁሉ ቀላሉም ከሁሉ ብርቱውም ነበር። በመድረኩ ላይ አንድ በርሜል ቆሟል፤ ጂም አይታይም። ሲልቨር ተንሸራትቶ ወደ በርሜሉ ይጠጋል። በቃ። የጎረቤት ልጆች ትንፋሻቸውን ዋጡ።

በመጨረሻ ሀብቱ የተቀበረበት ጉድጓድ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ሲልቨርም አንድ ከረጢት ሳንቲም ይዞ አመለጠ። ከልጆቹ ኋላ ተቀምጠው የነበሩት እናቴ፣ «ይሂድ፤ ልጁን አትርፎለት የለ» ሲሉ፣ ከጎረቤት ልጆች አንዱ፣ «ኧረ እማማ፣ ሰው ገድሏል!» ብሎ ተነሣ። ክርክሩ ከትርኢቱ በላይ ቆየ። ዝግጅቱ ሁለት ሳምንት ወስዶብን፣ ትርኢቱ ሃያ አምስት ደቂቃ ሆነ። ደስታው በዝግጅቱ ነው ያለው ስቲቨንሰን በአብዛኛው ልክ ነበር። በርሜሉ ፊት የወደቀውን ዝምታ ግን እርሱም ቢኖር አይንቀውም እላለሁ።

የሰዓሊዎቹና የባለ ሱቆቹ ዕጣ

የወረቀት ቴአትር ዕድሜ ረጅም አልሆነም። ከክፍለ ዘመኑ አጋማሽ በኋላ በትልቁ መድረክ ላይ ሜሎድራማ እየደበዘዘ፣ በሳሎን ውስጥ ቁጭ ብለው የሚነጋገሩ ሰዎች ተውኔት እየበዛ ሄደ። ሳሎን ደግሞ ለወረቀት ቴአትር አይመችም፤ የሚፈነዳ ነገር የለውም። በኋላም ሲኒማ መጣ።

ሁሉም ግን አልተዉትም። በለንደን ሆክስተን ስትሪት ቁጥር 73 ላይ የነበረው የሬዲንግተን ሱቅ ከ1870ዎቹ ጀምሮ በአማቹ በቤንጃሚን ፖሎክ እጅ ገባ። ስቲቨንሰን በመጣጥፉ መጨረሻ አንባቢውን ወደዚህ ሰው ሱቅ እንዲሄድ መክሮ ነበርና፣ ፖሎክ በዚያ ምክር ዝነኛ ሆነ። እስከ ሞተበት እስከ 1937 ድረስ በአሮጌዎቹ ሰሌዳዎች እያተመ ሸጠ። በ1926 የሩሲያ ባሌት መሪ ሰርጌ ዲያጊሌቭ በእነዚህ ወረቀቶች ላይ የተመሠረተ «የኔፕቱን ድል» የተባለ ባሌት በለንደን አሳየ። በቴአትር የተጀመረው ወረቀት ተመልሶ ወደ ቴአትር ገባ ማለት ነው።

ከአየርላንድም ጃክ በትለር ዬትስ አለ፤ የገጣሚው የዊልያም በትለር ዬትስ ታናሽ ወንድም፣ በኋላ ታላቅ ሠዓሊ የሆነው። እርሱ አሮጌ ወረቀት ከመግዛት ይልቅ አዲስ ጻፈ። በ1901 «ጄምስ ፍሎንቲ ወይም የምዕራብ ባሕሮች ሽብር» የሚል የባሕር ወንበዴ ተውኔት ለወረቀት ቴአትር አሳተመ፤ ሌሎች ሁለትም አስከተለ። በእንግሊዝ ገጠር ሲኖር በገና ሰሞን የመንደሩን ልጆች ሰብስቦ በገዛ እጁ በሠራው መድረክ ያሳያቸው ነበር።

ከፖሎክ በኋላ ሱቁን ሴት ልጆቹ እስከ 1944 ያዙት። ከዚያም ተሸጠ፤ አዲሱ ባለቤትም ከሰረና ዕቃው መጋዘን ገባ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ማርገሪት ፎድሪ የተባለች ሴት ለልጇ ቴአትር የሚሆኑ ጥቂት የሽቦ መግፊያዎች ፈልጋ ጠየቀች። መጋዘኑ ውስጥ ብዙ አለ፤ የሚፈልግልሽ ሰው ግን የለም፤ ለምን ሁሉንም አትገዢውም? አሏት። ገዛችው። ከዚያ ግዢ የፖሎክ የመጫወቻ ሙዚየም ተወለደ፤ ከ1969 ጀምሮም ስካላ ስትሪት በሚባለው ጎዳና ቆየ። ያ ቤት በ2023 መጀመሪያ ተዘጋ። በአንጻሩ በጀርመን አገር ፕሬትስ በተባለች ከተማ ከ1988 አንሥቶ የወረቀት ቴአትር ባለሙያዎች ከየአገሩ የሚሰበሰቡበት ዓመታዊ ትርኢት ሲዘጋጅ ኖሯል።

ርካሽ የሚባለው ነገር

ታሪክ አጥኚዎች ዛሬ እነዚህን ወረቀቶች በጓንት ነው የሚነኳቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኮቨንት ጋርደን በ1808 ተቃጠለ፤ ድሩሪ ሌን በ1809 ተቃጠለ፤ ኮቨንት ጋርደን በ1856 ደግሞ እንደገና ተቃጠለ። የመድረክ ቅቦቹ፣ ልብሶቹ፣ መጋረጃዎቹ አመድ ሆኑ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መድረክ ምን ይመስል እንደነበር፣ ተዋናይ እንዴት ይቆም እንደነበር፣ ወንበዴ ምን ይለብስ እንደነበር ለማወቅ የፈለገ ሰው ከሚያገኛቸው ዋና ዋና ማስረጃዎች መካከል አንዱ ለልጆች በአንድ ፔኒ የተሸጠው ወረቀት ነው። ሹማምንቱና ሃያስያኑ መጫወቻ ብለው የናቁት ነገር መዝገብ ሆኖ ቀረ። የብሪቲሽ ሙዚየም የዌስትን ወረቀቶች በጥራዝ አድርጎ ይዟቸዋል።

ለጥያቄዬ መልሱም ከዚሁ የሚገኝ ይመስለኛል። ርካሽ ነገር ታላቅ ድርሰት የሚወልደው ሳይጠናቀቅ ሲሸጥ ነው። ስኬልት ለልጁ የሸጠለት ታሪክ ሳይሆን የታሪክ ዐፅም ነበር፤ ቀለሙን፣ ድምፁን፣ እንቅስቃሴውን ልጁ መጨመር ነበረበት። የኤዲንብራው ሕመምተኛ ልጅ ለዓመታት ሲጨምር ኖረ። በመጨረሻ የጨመረው ከተሰጠው በለጠና መጽሐፍ ሆነ። ዛሬ ለልጆቻችን የምንገዛላቸው አብዛኛው ነገር የተቀባ፣ የተቆረጠ፣ የሚናገር፣ በራሱ የሚንቀሳቀስ ነው። ውድ ነው፤ ያምራልም። ለልጁ የሚተወው ሥራ ግን የለውም። ይህን የምለው አሮጌውን ዘመን ለማወደስ አይደለም፤ ያም ዘመን የራሱ ብዙ ጉድ ነበረበት። የሒሳቡ ነገር ግን አሁንም ያው ነው። ለሁለት ፔኒው ሠዓሊ አለው፤ ለአንድ ፔኒው ግን ሠዓሊው ልጁ ራሱ ነው።